ግብርና ሚኒስቴርም የጤና መሥሪያ ቤት ነው

እ.ኤ.አ. በ1998 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬና በዙሪያዋ፣ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ወረርሽኝ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያየው ወደ ዝናቡና ወደ ሙቀቱ ነው። ኢትዮጵያውያንና አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካንም አብሯቸው፣ ነገሩን ሥር ሲከታተሉት የደረሱት ግን ማንም ያልጠረጠረው ሰብል ላይ ነበር፤ በቆሎ ላይ።

የወባ ትንኝ እጭ የሚያድገው በደጅ በተኛ ውኃ፣ የከብት ኮቴ በረገጠው ጭቃና ለቤት ግንባታ አፈር በተቆፈረበት ጉድጓድ ነው። የሚመገበው ውኃው ላይ የሚወድቀውን ደቃቅ ነገር ነው። በቆሎ ሲያብብ ከአናቱ የሚረግፈው ብናኝ ደግሞ ለእጩ የተመቸ ቀለብ ነው። ይህን ብናኝ ያገኘ እጭ ቶሎ ይደርሳል፣ የሚወጣው ትንኝም ገዘፍ ያለና ዕድሜው የረዘመ ይሆናል። የወባው ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ እስኪበስል ቀናት ስለሚፈልግ፣ ዕድሜ ያገኘ ትንኝ ሁሉ በሽታውን ለማስተላለፍ ዕድል አገኘ ማለት ነው። በ1990ዎቹ በኤክስቴንሽን ፓኬጅ የተሠራጩት ዲቃላ ዝርያዎች ከቀድሞዎቹ ዘግይተው የሚያብቡ ስለነበሩ፣ ብናኙ የሚረግፈው ክረምቱ ሲወጣ፣ ትንኝ በሚራባበት ሰሞን ሆነ። በ2005 የታተመው ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው የአካባቢው መንደሮች የወባ ሕመም በጥቂቱ ከሚዘራባቸው 9.5 እጥፍ ሆኖ አገኘው።

ዘሩን ያከፋፈለው የልማት ሠራተኛ ያደረገው የታዘዘውን ነው። ገበሬውም ዘሩን የወሰደው በሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚሰጠው ነው፤ ልጆቹንም መግቦበታል። ከቡሬ የምወስደው ቁም ነገር በቆሎ አይዘራ የሚል አይደለም። ስለ ዘር፣ ስለ መስኖ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ መኖ የሚወሰን ውሳኔ ሁሉ ስለ ሰው ጤና የተወሰነ ውሳኔ ነው፤ ወሳኙ አሰበበትም አላሰበበትም። አገራችን የእርሻ ፖሊሲን በኩንታል ብቻ ስትለካ ቆይታለች። የጤናው ሒሳብ ግን ይዘግያል እንጂ አይቀርም፤ ሲመጣም የሚቀበለው ጤና ጣቢያው ነው።

የውኃው ጉዳይ ከሁሉ ቀድሞ የታወቀ ነው። በትግራይ ድርቅን ለመቋቋም ብዙ ትናንሽ ግድቦች ተሠርተዋል። በአካባቢው ሕፃናት ላይ የተካሄደ ጥናት በ1999 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ሲወጣ፣ በግድብ አጠገብ በሚኖሩት ልጆች የወባ ሕመም ራቅ ብለው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። የጥናቱ መሪ ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ሲሆኑ፣ በኋላ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር፣ ከዚያም የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነዋል። ከዚያም በፊት በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ይህ የአገር ሳሙና ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋግጠዋል። ቢልሃርዚያ መስኖ በገባበት ሁሉ የሚከተል በሽታ ነው፤ የወንጂ ሸንኮራ እርሻም በሚገባ ያውቀዋል። በዚያው በወንጂ ሠራተኞቹ ይጠጡት የነበረው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ የብዙዎች ጥርስ በልዟል፣ የአንዳንዶቹም አጥንት ጎብጧል። የመስኖ ፕሮጀክት ሲነደፍ የወባ ባለሙያ ከመሐንዲሱ ጋር አብሮ ቢቀመጥ የሚጠይቀው ወጪ ከግድቡ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። መንደሩን ከውኃው ማራቅ፣ ቦዮቹን በየጊዜው ማድረቅና አጎበርን ከመስኖው ጋር ማድረስ ከአቅም በላይ አይደለም።

ከበሽታው ይልቅ ሰፊው ጥያቄ የምግቡ ነው። በኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት በ2000 58 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ በ2005 ወደ 51፣ በ2011 ወደ 44፣ በ2016 ወደ 38 ወርዶ በ2019 37 ላይ ደረሰ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የእህል ምርት ማደግም ድርሻ አለው። ረሃብ ባለበት ቤት ኩንታል ሕይወት ነውና የኩንታሉን ሥራ ማቃለል አይገባም። ሆኖም የእህሉ ምርት ከእጥፍ በላይ ባደገባቸው ዓመታት ሁሉ መቀንጨሩ በዚያው ፍጥነት አልወረደም፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ከነጭራሹ ቆም ያለ ይመስላል። ምክንያቱን ለማየት የልጁን ሳህን ማየት ይበቃል። በ2016ቱ ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት በዓይነቱም በድግግሞሹም ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟላ ምግብ የሚያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀሪዎቹ የሚበሉት በአብዛኛው እህል ነው፤ ገንፎ፣ አጥሚት፣ በሽሮ የራሰ እንጀራ። ሆዱ ሞልቶ የሚያድር ልጅ ሊቀነጭር ይችላል፤ ብዙ ወላጅ የሚከብደው ይህን ማመን ነው።

ሳህኑን የሚያጠብበው የወላጅ እውቀት ብቻ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንቁላል፣ ወተትና ጎመን እንዲጨመር ትመክራለች፤ እናትየውም ትሰማለች። ይሁንና ከ2007 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት የምግብ ዋጋን የተከታተሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የአትክልት፣ የፍራፍሬ፣ የወተት፣ የእንቁላልና የሥጋ ዋጋ ከአጠቃላዩ የዋጋ ንረት በላይ ሲወጣ፣ ዘይትና ስኳር ግን በአንጻሩ እንደረከሱ አሳይተዋል። ይህ የገበያ ሥራ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። የምርምር ማዕከላቱ፣ የምርጥ ዘር ድርጅቶቹ፣ ብድሩና ማዳበሪያው ለዓመታት በስንዴ፣ በበቆሎና በጤፍ ላይ ሲያተኩሩ፣ የቲማቲም ዘር ከውጭ እየገባ፣ የዶሮ መኖም በየዓመቱ እየተወደደ ቀጥሏል። መንግሥት የእህል ዋጋ እንዳይንር ተጨንቆ ሠርቷል፤ በእንቁላል ላይ ግን እንደዚያ ሲጨነቅ አላየንም።

እዚህ ላይ የላሟን ታሪክ ማንሳት ይገባል። ተመራማሪዎቹ ጆን ሆዲኖት፣ ዴሬክ ሄዲና መቅድም ደረጀ የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦችን መረጃ መርምረው፣ ላም ያለው ቤት ልጆች ወተት የሚጠጡበት ዕድል ከፍ እንደሚልና ቁመታቸውም እንደሚሻል ጽፈዋል። ሆኖም ይህ የላም ጥቅም የሚታየው በተለይ ገበያ በራቀበት ቦታ ነው። ወተት የሚገዛበት ገበያ በቀረበበት መንደር ላም የሌለው ቤት ልጅም ወተት ይደርሰዋልና ልዩነቱ ይጠባል። ከዚህ የሚወጣው ምክር እንደየቦታው ይለያያል። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ላምና ዶሮ መስጠት ተገቢ ነው፤ መንገድ ባለበት ደግሞ ገንዘቡ ወተት መሰብሰቢያና ማቀዝቀዣ ላይ ቢውል ብዙ ልጆች ይደርሳቸዋል። ለሁሉም ወረዳ አንድ ዓይነት ፓኬጅ መላክ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል።

ዶሮ ከላም ይበልጥ ረቂቅ ነገር ያስተምራል። ይኸው ዴሬክ ሄዲ ከካሌ ሂርቮነን ጋር በ2016 ባሳተመው ጥናት ዶሮ ማርባት በጥቅሉ ከልጆች ቁመት መሻሻል ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል፤ ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት ሲያድሩ ግን ውጤቱ ይገለበጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚድኸው ልጅ ወለሉ ላይ ያለውን ሁሉ አንሥቶ አፉ ውስጥ ይከታል፤ ከኩሱ ጋር የሚገባው ጀርም አንጀቱን ይጎዳዋል። አንዳንዴ ተቅማጡ እንኳ ሳይታይ የተጎዳው አንጀት የበላውን በቅጡ አያስቀርም፤ እናም የእንቁላሉ ጥቅም እዚያው ይቀራል። ቤተሰቡ ዶሮውን ወደ ቤት የሚያስገባው ከሌባ፣ ከቀበሮና ከሸለምጥማጥ ለማዳን ነው፤ ለዶሮዋ የሚሆን ሌላ አስተማማኝ ማደሪያ የለውም። ችግሩ የሚፈታው በስብከት ሳይሆን በእንጨትና በሽቦ ነው።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማርን በስም ጠርቶ ወደ ቤተሰብ ማዕድ ለማምጣት የተነሣ መርሐ ግብር ነው። ከዚህ ቀደም ከነበሩት የእርሻ ዘመቻዎች የሚለየው መጨረሻው ገበታ መሆኑ ነው፤ እኔም ስለዚህ በሙሉ ልብ እደግፈዋለሁ። እንዲሳካ የምመኘው ስለሆነም፣ ጫጩት የሚሰጥበት ቀን ቆጥ የሚሠራበትም ቀን እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ዘሩ ራሱ የተሻለ ቢሆንስ? የሐዋሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ብርቱካናማ የስኳር ድንች ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ኩልፎ፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቀለም ይዘዋል፤ ነጩ ስኳር ድንች ይህ የለውም። ሕፃን ልጅ የሚበላው ትንሽ ቁራሽ እንኳ ይጠቅመዋል። የጎላው ችግር ጣዕሙና የመትከያ ቁርጡ ነው። ብርቱካናማው ውኃ ስለሚበዛበት ድርቅ ያለውን የለመደ ሰው አይወደውም፤ ሐረጉን በበጋ አቆይቶ ለሚቀጥለው ተከላ የሚያከፋፍልም ያስፈልጋል። የቦይ ውኃ ያላቸው ጥቂት ሴቶች ይህን ሐረግ እየሸጡ የሚኖሩባቸው ቀበሌዎች ላይ ዝርያው ሥር ሰዶ ቆይቷል። ጋቢሳ የተባለው የበቆሎ ዝርያ ደግሞ የፕሮቲኑ ጥራት ከተለመደው በቆሎ ይበልጣል። ይሁንና በመልኩ ከሌላው ስለማይለይ ነጋዴው አንድ ብር አይጨምርበትም፤ አጠገቡ የተዘራ ሌላ በቆሎ ሲዳቀለውም ጥራቱ ይቀንሳል። ልዩነቱ በዓይን የማይታይ ዘር በገበያ ብቻ አይስፋፋም፤ ትምህርት ቤት ወይም የዱቄት ፋብሪካ ለይቶ ሊገዛው ይገባል።

አፈሩም አለ። ለረጅም ዘመን ወደ አገር የሚገባው ማዳበሪያ ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ሰብሉን ያሳድጋሉ እንጂ አፈሩ የጎደለውን ዚንክ አይተኩም። ከ2012 ጀምሮ የተሠራው የአፈር ካርታ በብዙ ወረዳዎች ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ እንደሚጎድል ሲያሳይ አዳዲስ ድብልቆች መጡ። በ2021 ኔቸር የተሰኘው መጽሔት ላይ የወጣ የኢትዮጵያና የማላዊ ጥናት ደግሞ የአንዱ አካባቢ ጤፍ፣ ስንዴ ወይም በቆሎ በዚንክና በሴሊኒየም ይዞታው ከሌላው እጅግ እንደሚለያይ አረጋግጧል። ሁለት እናቶች አንድ ዓይነት እንጀራ ጋግረው ልጆቻቸው የሚያገኙት ንጥረ ነገር እኩል ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ፊንላንድ ይህንን ችግር በ1980ዎቹ ፈትታዋለች። አፈሯ በሴሊኒየም ደሃ መሆኑን ስላወቀች ከ1984 ጀምሮ በአገሪቱ በሚሸጠው ማዳበሪያ ውስጥ ጨመረችው፤ ገበሬው የተለየ ነገር ሳያደርግ የሕዝቡ የሴሊኒየም መጠን ከፍ አለ። ማዳበሪያን በማዕከል የምትገዛ እንደኛ ያለች አገር ይህን ለማድረግ ከማንም የተሻለ ዕድል አላት። የእኛ የማዳበሪያ ድብልቅ ሲመረጥ ግን እስካሁን የሚጠየቀው ምርት ይጨምራል ወይ ተብሎ ብቻ ነው።

ስለ ጓያ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ የእርሻና የጤና ውሳኔ በአንድ ፍሬ ላይ የተገናኘበት ነውና። ጓያ የደሃ እህል ነው። በፎገራ፣ በደምቢያና በወሎ ዋልካ መሬት ላይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በቀረው እርጥበት ይበቅላል፤ ብዙ እርሻ አይፈልግም። ዝናብ ሲቀር ሌላው ሰብል ሲደርቅ እርሱ ይቆማል። ሰው ለወራት ከእርሱ በቀር ሌላ የሚበላው ሲያጣ ግን በውስጡ ያለው መርዝ የእግርን ነርቭ ይጎዳል። መጀመሪያ ጉልበት ይከዳል፤ ከዚያ ሰውየው በጣቶቹ ጫፍ፣ እግሩን እያጠላለፈ ይሄዳል። ሲብስበት አንድ ዱላ፣ ቀጥሎ ሁለት ዱላ ይይዛል፣ በመጨረሻም ይድኻል። የሚመታውም በብዛት ወጣት ወንዶችን፣ አራሾቹን ነው። አንዴ ከተጎዳ አይድንም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በደላንታ ዳውንት ወረዳ ብቻ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ ተይዘዋል።

በየአካባቢው ሰው በሽታውን የሚያመጣው ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው ብሎ ያምናል። ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ሲያጠኑ ያገኙት ሌላ ነው። ጓያን በንፍሮ፣ በተቆላና በጥሬ እሸት መልክ አዘውትሮ የሚበላ ሰው ለሽባነቱ ይበልጥ ይጋለጣል። በወጥና በቦካ እንጀራ መልክ ሲበላ፣ ከሌላ እህልም ጋር ሲደባለቅ አደጋው ይቀንሳል። ይህ እውቀት ለልማት ሠራተኛውም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም እኩል የሚሆን ሥራ ይሰጣል። በድርቅ ዓመት የእህል ርዳታ ጓያ በሚበላባቸው ቀበሌዎች ቀድሞ ከደረሰ፣ ሰዎችን ከዱላ ያድናል። መርዙ የቀነሰው ዋሴ የተባለ ዝርያ በ2006 ተለቅቋል፤ ግን ድርቅ ሲበረታ በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ይጨምራልና ዘሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሕንድ በ1961 ሽያጩን ብትከለክልም ጓያ ከማሳዋ አልጠፋም። ከልካይ ሕግ ከማውጣት ይልቅ ገበሬው በዋልካው ላይ ሽምብራና ምስር ዘርቶ ገበያ የሚያገኝበትን መንገድ ማመቻቸት ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ እህሉ በሌላ ካልተተካ ረሃብ ሲመጣ ሰው ወደ ጓያው መመለሱ አይቀርም።

መርዝ ሳይታወቅ የሚገባበት ሌላው በር መኖው ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ ወተት አምራቾች ላሞቻቸውን የኑግ ፋጉሎ ያበላሉ፤ ፕሮቲን አለው፣ ዋጋውም ይቀርባል። ኑጉ እርጥብ ቦታ ሲከማች ግን ይሻግታል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን ያመነጫል። ለጉበት ካንሰር የሚያጋልጠው ይህ መርዝ በላሟ በኩል አልፎ ወደ ወተቱ ይገባል፤ ማፍላትም አያጠፋውም። ከዚሁ አካባቢ የተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች ሲመረመሩ ሁሉም መርዙ ተገኘባቸው፤ የአውሮፓን ጥብቅ መጠን ያለፉት ከ100 በላይ ነበሩ፣ ላላ ያለውን የአሜሪካን መጠን ያለፉት ደግሞ 29። ዋናው ምንጭ ያው ፋጉሎ መሆኑ ታውቋል። ወተት ለልጅ የሚመከር ምግብ በሆነበት አገር፣ የዘይት መጭመቂያው መጋዘን ሲፈስ ጣሪያውን ማስጠገን የሕፃናት ጤና ሥራ ነው ብል አላጋነንኩም። ፀረ ተባዩም ተመሳሳይ ነገር አለው። በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ምዝገባውንና ቁጥጥሩን በሚገባ ደንግጓል፤ ነገር ግን በባቱ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት የሚረጨው ወጣት ጓንት የለውም፣ ለሌላ ሰብል የተፈቀደውን መርዝ ይረጫል፣ ባዶውን ጠርሙስ ደግሞ ውኃ የሚቀዳበት አለ።

ከውጭ ልምድ አንዱን ባመጣ የፊንላንድን ሰሜን ካሬሊያ እመርጣለሁ። በ1972 በልብ ሕመም የሚሞቱት ወንዶች ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት ነበር። በዶክተር ፔካ ፑስካ የተመራው ፕሮጀክት የሕክምና ምክር ብቻ ሰጥቶ ቢያቆም ኖሮ ነዋሪው የሚኖርበትን የወተትና የቅቤ ሥራ ሊያናጋ ነው ተብሎ ተቃውሞ በገጠመው ነበር። ስለዚህ ቀስ በቀስ የወተት ክፍያው ከቅባቱ ይልቅ ወደ ፕሮቲኑ ዞረ፤ ላም ያረቡ የነበሩ አንዳንድ ገበሬዎችም በድጋፍ እንጆሪና ሌላ የፍራፍሬ ተክል ጀመሩ። ገበሬው እንዲከስር ሳይፈረድበት የሚያመርተው ተለወጠ። ብራዚል ደግሞ በ2009 ባወጣችው ሕግ ከትምህርት ቤት ምገባ የፌዴራል በጀት ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ አራሽ ቤተሰቦች እንዲገዛ ወሰነች። የአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ በቀን ብዙ መቶ ሺህ ሳህን የሚሞላ ገዢ ነው። በዚህ አቅም የምትገዛ ከተማ ባቄላ፣ ጎመንና እንቁላል ከሰበታ፣ ከሰላሌና ከደብረ ብርሃን አምራቾች ማኅበራት በውል ብትገዛ፣ ገበሬው ለእነዚህ ምርቶች ገበያ ያገኛል፤ በእናቶች የሚበስለው የምሳ ሳህንም ይሰፋል። በብዙ ምገባ ጣቢያ ዛሬም የሚበዛው እህል ነው።

ሰነዱ አልጎደለንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት መቀንጨርን በ2030 ለማስቀረት ቃል ገብቷል፤ ግብርና ሚኒስቴር የራሱን የሥርዓተ ምግብ ተኮር ግብርና ስትራቴጂ አዘጋጅቷል፤ በ2018 ደግሞ የአገሪቱ የምግብና የሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ ጸድቋል። ሦስቱንም ላነበበ ሰው አሳባቸው ትክክል ነው። ጉድለቱ ያለው በታችኛው ወረቀት ላይ፣ የልማት ሠራተኛው በየወሩ በሚሞላው ሪፖርት ላይ ነው። እዚያ የሚጠየቀው ስንት ኩንታል ምርጥ ዘር ተሠራጨ፣ ስንት ሄክታር ተሸፈነ፣ ስንት ጫጩት ታደለ የሚል ነው። ሠራተኛው የሚገመገመው፣ ዕድገት የሚያገኘውም በዚህ ነው። በአንድ ቀበሌ የምትሠራው የጤና ባልደረባው የልጆችን ክንድ እየለካች የምታገኘውን ቁጥር እርሱ አያይም፤ የጤና ሠራተኛዋም በጎረቤት ማሳ ምን ዘር እንደገባ አይነገራትም። ሁለቱ ሠራተኞች በአንድ ቀበሌ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፣ በሁለት ሚኒስቴር ይጠራሉ። ክልሎች ከሚቀጥለው የበጀት ዓመት ጀምረው ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ እንዲጻፉና የወረዳው የግብርና ኃላፊ በሁለቱም እንዲጠየቅ ቢያዝዙ፣ አዲስ ሕግም አዲስ መሥሪያ ቤትም አያስፈልግም። የዝርያ አጽዳቂው ኮሚቴም አዲስ ዘር ሲያሳልፍ የሥርዓተ ምግብ ባለሙያ ድምፅ ያለው ወንበር ይኑረው፤ ዘሩ ምን ያህል ይሰጣል ከሚለው ጥያቄ ጋር ማን ይበላዋል፣ በምን መልክ፣ ሲያብብስ ምን ይከተለዋል የሚሉት እዚያው ይጠየቁ።